ሕዋስ የሚፈጽመው መድኀኒት

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው ዐቢይ መንገድ ደምበጫን አልፎ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል፤ ከዚያም በማንኩሳ በኩል ወደ ቡሬ ይዘልቃል። ፍኖተ ሰላም ስሟ ግእዝ ነው፤ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ቡሬ ደግሞ መንገድ ለሁለት የሚከፈልባት ከተማ ናት፤ አንደኛው ወደ ባሕር ዳር ሲቀጥል ሁለተኛው ዐባይን ተሻግሮ ወደ ወለጋ ያመራል። የጤፉና የበርበሬው ነጋዴ፣ የከባድ መኪናው ነጂ፣ ለአረምና ለአጨዳ ወደ ቆላ የሚወርደው ጎልማሳ ሁሉ በዚህ ያልፋል። መንገድ ደግሞ ሸቀጥን ብቻ አያመላልስም፤ በሽታንም ያመጣል፣ መድኀኒትንም ያመጣል። እኛ በዛሬው ጽሑፋችን የምናወሳው በዚህ መንገድ ዘግይቶ ስለ ደረሰ አንድ መድኀኒት ነው።

ለጽሑፉ ምክንያት የሆነን አንድ ጥያቄ ነው። በፍኖተ ሰላም አካባቢ ከአንድ ጤና ጣቢያ ደጅ ቆመን ሳለን ጋቢያቸውን የተከናነቡ አንድ አዛውንት ገበሬ የክኒን ዕቃቸውን በእጃቸው ይዘው አንዲቱን ነርስ፤ «ልጄ፣ ይህችን ክኒን ከዋጥኋት በኋላ ወዴት ነው የምትሄደው? ሥራዋንስ የምትሠራው ከየት ገብታ ነው?» ሲሉ ጠየቋት። ነርሷም፤ «አባባ፣ በሽታውን ታስተኛዋለች፤ ብቻ ሰዓቷን አያሳልፉባት» አለቻቸው። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የተጠየቀውን አልመለሰም። አዛውንቱም ዝም ብለው ቆዩና፤ «ጎረቤቴ የፈረንጅ መድኀኒት ለደከመ ሰውነት መርዝ ነው ብሎ ተወው፤ ተወውና ሞተ። እርሱም እንዲህ ብሎ ጠይቆ ነበር» አሉ።

ሰው የማያውቀውን ነገር በየቀኑ ሲውጥ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያም በላይ የጎረቤታቸው አነጋገር መድኀኒት ከውጭ እንደ መጣ ወታደር ራሱን ችሎ ይዋጋል፤ ሰውነትም የጦርነቱ ሜዳ ብቻ ነው ከሚል አሳብ የመነጨ ነው። ስለ ብዙ መድኀኒቶች ይህ አሳብ ከእውነት የራቀ አይደለም። ስለዚህኛው ግን ፍጹም ስሕተት ነው። ምክንያቱም ዚዶቩዲን፣ ስታቩዲን፣ ላሚቩዲን፣ ቴኖፎቪር የተባሉት መድኀኒቶች በሚዋጡበት ሰዓት ገና መድኀኒት አይደሉም። የጎጃም ጤፍ ከገበያ ሲገባ እንጀራ እንዳልሆነ ሁሉ፣ እነርሱም ሳይፈጩ፣ ሳይቦኩና ሳይጋገሩ ቫይረሱን አይነኩትም። ወፍጮውም ቡሖውም ምጣዱም ያለው በበሽተኛው ሕዋስ ውስጥ ነው። ይህ እንዴት እንደ ታወቀና እውቀቱም እስከ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ድረስ በሰው ኑሮ ላይ ምን እንዳደረገ መናገር ይገባል።

የነገሩ መነሻ በፈረንጆች አቆጣጠር 1964 ዓመት ነው። በአሜሪካ አገር በዲትሮይት ከተማ የሚሠራ ጀሮም ሆርዊትዝ የሚባል የኬሚስትሪ ሊቅ የካንሰርን ሕዋስ በማታለል ለመግደል አስቦ ነበር። አሳቡን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ሕዋስ የዘሩን መጽሐፍ ዲ ኤን ኤ በሚባል ረጅም ሰንሰለት ጽፎ ይይዛል። የጽሕፈቱ ፊደላት አራት ብቻ ናቸው። እያንዳንዱም ፊደል ከአንድ ዐይነት ስኳር ጋር ተጣብቆ ሲገኝ ኑክሊዮሳይድ ይባላል። ሕዋሱ ለሁለት ሊከፈል ሲል መጽሐፉን መገልበጥ አለበትና ፊደል በፊደል እየቀጠለ ይጽፋል፤ አንዱ ፊደል ከሚቀጥለው ጋር የሚያያዘው በስኳሩ ላይ ባለች አንዲት መያያዣ ነው። ሆርዊትዝ ታይሚዲን የሚባለውን ፊደል ወስዶ መያያዣዋን አወጣና በስፍራዋ ሦስት የናይትሮጅን አቶሞች አቆመበት። ፊደሉ ሲታይ ያው ነው፤ ከተጻፈ በኋላ ግን ሌላ ፊደል አይቀጠልበትም። ይህም በኋላ ዚዶቩዲን የተባለው ነው።

አሳቡ ያማረ ነበር፤ ፈተናው ግን አልሰመረም። ካንሰር በያዛቸው አይጦች ላይ ምንም ፍሬ አላሳየም፤ ሆርዊትዝም ትቶት ወደ ሌላ ሥራ ሄደ፤ የባለቤትነት መብትም አላስመዘገበበትም። ከሃያ ዓመት በኋላ ዓለም ሁሉ ሲፈልገው ለእርሱ ገንዘብ አላስገባለትም። ከሁለት ዓመት በኋላ የሠራው ስታቩዲንም እንዲሁ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። እኛ ይህን ስናነብ የገረመን የሰውዬው ዕድል አይደለም፤ መልሱ ከጥያቄው ሃያ ዓመት ቀድሞ መገኘቱ ነው።

ጥያቄው ደግሞ ቀስ በቀስ እየመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ሃዋርድ ቴሚንና ዴቪድ ባልቲሞር በየፊናቸው አንድ እንግዳ ኤንዛይም አገኙ። እስከዚያ ድረስ ጽሕፈት ከዲ ኤን ኤ ወደ አር ኤን ኤ እንጂ ወደ ኋላ አይገለበጥም ተብሎ ይታመን ነበር፤ አንዳንድ ቫይረሶች ግን የአር ኤን ኤ መጽሐፋቸውን ወደ ዲ ኤን ኤ የሚገለብጥ የራሳቸውን ጸሐፊ ይዘው ይዞራሉ። ሁለቱም ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1975 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ ቮልፍራም ኦስተርታግ በጀርመን አገር በጌቲንገን የሆርዊትዝን የተጣለ ቅመም ከዚህ ወገን በሆነ የአይጥ ቫይረስ ላይ ሞክሮ ቫይረሱን እንደሚገታ አስታወቀ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ከዚህ ወገን የሆነ ሰውን የሚገድል ቫይረስ ስላልታወቀ ጽሑፉን ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1983 በፓሪስ ፍራንስዋዝ ባሬ ሲኑሲና ሉክ ሞንታኒዬ ኋላ ኤች አይ ቪ የተባለውን ቫይረስ ከበሽተኛ ለይተው አወጡ። በአገራችንም ምልክቱ የታየው ወዲያው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1984 በተወሰደ ደም ቫይረሱ መኖሩ ተረጋገጠ፤ የኤድስ በሽተኞችም መጀመሪያ የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከዚያ ወዲያ በሽታው እንደ ሌሎቹ አገሮች ሁሉ የዐቢይ መንገዱን ከተሞች እየተከተለ ሄደ፤ ቡሬና ፍኖተ ሰላምም ከመንገዱ ላይ ናቸው።

በዚሁ ወራት በአሜሪካ ባሮዝ ዌልካም በሚባለው የመድኀኒት ኩባንያ ያሉ ሠራተኞች፣ ከእነርሱም መካከል ጃኔት ራይድአውት፣ ማርቲ ሴንት ክሌርና ፊሊፕ ፈርማን፣ በመደርደሪያ የቆዩ ቅመሞችን በአይጥ ቫይረስ ላይ ይፈትኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ ያ የሆርዊትዝ ቅመም ብልጫ አሳየ። በስውር ስም ወደ አሜሪካ የካንሰር ምርምር ተቋም ተልኮ እ.ኤ.አ. በ1985 ሂሮዋኪ ሚትሱያና ሳሙኤል ብሮደር ከባልደረቦቻቸው ጋር በሰው ሕዋስ ውስጥ ኤች አይ ቪን እንደሚገታ አረጋገጡ። እ.ኤ.አ. በ1986 በ282 በሽተኞች ላይ በተደረገው ፈተና መድኀኒት መሳይ ባዶ ክኒን ከወሰዱት 19 ሲሞቱ መድኀኒቱን ከወሰዱት የሞተው አንድ ብቻ ነበር፤ ፈተናውም ሳይፈጸም ተቋርጦ ለሁሉም እንዲሰጥ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1987 በአሜሪካ መንግሥት ተፈቀደ።

እኛ የምንፈልገው ግን ፈርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተሙትን ሥራ ነው፤ የአዛውንቱ ጥያቄ የተመለሰው በእርሱ ነውና። ዚዶቩዲን በሆድ ተመጦ ወደ ደም ይገባል፤ ከደምም ወደ ሕዋስ ያልፋል። ነገር ግን እንዳለ ቢቀር የቫይረሱ ጸሐፊ አያነሣውም። ጸሐፊው የሚቀበለው በላዩ ሦስት ፎስፌት የተቀጠለበትን ፊደል ብቻ ነው፤ ፎስፌቶቹ ፊደሉን በሰንሰለቱ ላይ የሚያጣብቀውን ኀይል የሚሰጡ ናቸውና። እነዚህን ሦስት ፎስፌቶች አንድ በአንድ የሚቀጥሉት የሕዋሱ የራሱ ኤንዛይሞች ናቸው።

የመጀመሪያው ታይሚዲን ኪናዝ ይባላል። ሥራው ከፈረሰ ጽሕፈት የወዳደቀውን ታይሚዲን ለቅሞ ፎስፌት እየቀጠለ እንደገና ለአገልግሎት ማብቃት ነው፤ እንደ ቆጣቢ ባለቤት ያለ ነው። ዚዶቩዲን ታይሚዲንን ስለሚመስለው ሳይጠራጠር አንሥቶ የመጀመሪያዋን ፎስፌት ይቀጥልበታል። እንግዲህ መድኀኒቱ ወደ ሥራ የሚገባው በሕዋሱ የቁጠባ በር ነው ማለት ነው። ሁለተኛው ኤንዛይም ታይሚዲሌት ኪናዝ ነው፤ ይኸኛው ግን እንደ ፊተኛው በቀላሉ አይታለልም። ዚዶቩዲንን ሲያገኝ ሥራው እጅግ ይዘገይበታል፤ ስለዚህ አንድ ፎስፌት ብቻ ያለው ዚዶቩዲን ወረፋ እንደያዘ እህል በሕዋሱ ውስጥ ይከማቻል። ፈርማን ይህንን ክምችት ለክቶ አሳየ። ሁለተኛውን በር ያለፈው ጥቂቱ ኑክሊዮሳይድ ዳይፎስፌት ኪናዝ ወደሚባለው ሦስተኛ ኤንዛይም ይደርሳል፤ ይህም እጀ ሰፊ ነው፤ የመጣለትን ሁሉ ይፈጽማል።

ተፈጽሞ የወጣው ፊደል በቫይረሱ ጸሐፊ እጅ ሲገባ በሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ይጻፋል፤ መያያዣ ስለሌለው ግን ከእርሱ በኋላ ሌላ ፊደል አይቀጠልም። የቫይረሱ መጽሐፍ ተገልብጦ ሳያልቅ ይቀራል። የሰውስ ጸሐፊ በዚሁ አይታለልምን? ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። ፈርማን ይህንንም ለክቷል፤ የሕዋሱን ዋና ዲ ኤን ኤ ጸሐፊ ለመግታት የቫይረሱን ጸሐፊ ከመግታት አንድ መቶ እጥፍ ያህል የሚበልጥ መጠን ያስፈልጋል። ቫይረሱ የሚጎዳው በቸኮለ ጽሕፈቱ ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ከመንገዳችን ጥቂት ወጣ ብለን አንድ ነገር እንጨምር። በዚያው ኩባንያ ትሠራ የነበረችውና እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ የሆነችው ገርትሩድ ኤልየን ከባልደረቦቿ ጋር ቀደም ብላ አሲክሎቪር የሚባለውን የሄርፒስ መድኀኒት አውጥታ ነበር። የእርሱም አሠራር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያዋን ፎስፌት የሚቀጥልበት የሄርፒስ ቫይረስ ራሱ ይዞት የመጣው ኤንዛይም ነው። ስለዚህ አሲክሎቪር የሚነቃው ቫይረሱ ባለበት ሕዋስ ብቻ ነው፤ ጠላት የራሱን ጉድጓድ ይቆፍራል። ኤች አይ ቪ ግን እንዲህ ያለ ኤንዛይም የለውም፤ ጓዙ ትንሽ ነው። ስለዚህ ሥራው ሁሉ በሰው ሕዋስ ላይ ወደቀ፤ ቫይረስ ያለበትም የሌለበትም ሕዋስ መድኀኒቱን ያበስላል። የጥቅሙም የጉዳቱም ምንጭ ይህ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህ እውቀት ገና ወደ ክኒኑ አሰጣጥ አልገባም ነበር። ዚዶቩዲን ከደም ውስጥ በአንድ ሰዓት ያህል ግማሹ ይጠፋል። ሐኪሞችም ደሙን እየለኩ በየአራት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ እንዲወሰድ አዘዙ። የአሜሪካ በሽተኞች በሚጮህ የክኒን ሣጥን ከእንቅልፋቸው እየተነሡ ይውጡ ነበር፤ የዓመቱ ዋጋም ወደ 10,000 የአሜሪካ ብር ይጠጋ ነበር። መጠኑም ከፍተኛ ስለ ነበረ የአጥንት ቅልጥም ተጎድቶ ደም ማነስ ብዙዎችን ያዘ። በኋላ ግን ሊቃውንቱ መለካት ያለበት ደሙ ሳይሆን ሕዋሱ መሆኑን ተረዱ። ሦስት ፎስፌት የተቀጠለበት መድኀኒት የኤሌክትሪክ ሙላት ስላለው በሕዋሱ ቅርፊት ማለፍ አይችልም፤ ስለዚህ እንደ ተያዘ እስረኛ በውስጡ ይቆያል። የዚዶቩዲን ግማሹ ለመጥፋት በሕዋስ ውስጥ ሰባት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ይህ በታወቀ ጊዜ ክኒኑ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጧትና ማታ፣ በግማሽ ባነሰ መጠን የሚወሰድ ሆነ። ሌሊት የሚቀሰቅሰው ደወል የቆመው አዲስ መድኀኒት ስለ ተገኘ አይደለም፤ የሚለካበት ስፍራ ስለ ተለወጠ ነው።

ታዲያ አንዳንድ አንባቢ፣ ሕዋሱን ከማድከም ሦስቱን ፎስፌት አስቀድሞ በፋብሪካ ቀጥሎ ማዋጥ አይሻልምን? ይል ይሆናል። እንዳይደረግ የከለከለው አሁን የጠቀስነው ነገር ነው፤ ከሕዋስ እንዳይወጣ ያደረገው ሙላት ወደ ሕዋስ እንዳይገባም ያደርገዋል። በዚያም ላይ በሆድና በደም ያሉ ኤንዛይሞች ፎስፌቱን ወዲያው ይቆርጡታል። ጥሬው ብቻ ነው በበሩ የሚያልፈው።

ዚዶቩዲን ለብቻው ሲሰጥ ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ1989 ቫይረሱ ጸሐፊውን ለውጦ መድኀኒቱን መቋቋም እንደ ተማረ ታወቀ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ሦስት መድኀኒት በአንድነት መስጠት ተለመደ፤ ሁለቱ ከኑክሊዮሳይድ ወገን፣ ሦስተኛው ከሌላ። በዚህም ጊዜ የሕዋሱ ወፍጮ ቤት ሥርዐት ራሱን አስታወሰ። ዚዶቩዲንና ስታቩዲን ሁለቱም የታይሚዲን አምሳያ ስለ ሆኑ በአንድ ወፍጮ ይሰለፋሉ፤ ዚዶቩዲን ወፍጮውን ሲይዘው ስታቩዲን ሳይፈጭ ይቀራል። አብረው የተሰጧቸው በሽተኞች ባሰባቸው እንጂ አልተሻላቸውም። ላሚቩዲን ግን የሌላ ፊደል፣ የሳይቲዲን አምሳያ ስለ ሆነ በዲኦክሲሳይቲዲን ኪናዝ በኩል ይገባል፤ ወረፋም አይሻማም። ስለዚህ በፍኖተ ሰላም ሆነ በጄኔቭ ላሚቩዲን ከሁለቱ ከአንደኛቸው ጋር ይጣመር ነበር እንጂ ሁለቱ ባንድ ክኒን አይገናኙም ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን በምዕራብ ጎጃም በሽተኛው በቤቱ ተኝቶ ይሞት ነበር። መንግሥት የኤች አይ ቪ ኤድስን ፖሊሲ ያወጣው በ1990 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የሕንድ ኩባንያ ሲፕላ ስታቩዲን፣ ላሚቩዲንና ኔቪራፒን ያሉበትን መድኀኒት ለአንድ ሰው በዓመት በ350 የአሜሪካ ብር እንደሚሸጥ አስታወቀ፤ ዋጋውም በዓለም ሁሉ ወደቀ። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2003 በክፍያ መሰጠት ተጀመረ፤ ግን ለገበሬ ይህም ሩቅ ነበር። በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ሲጀመር ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ገንዘቡ ባመዛኙ ከዓለም አቀፉ ግሎባል ፈንድና ከአሜሪካ መንግሥት የመጣ ነበር። መጀመሪያ በትልልቅ ሆስፒታሎች ብቻ ስለ ነበረ ከቡሬ ገጠር የመጣ ሰው እስከ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም እስከ ደብረ ማርቆስ ይጓዝ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ግን ወደ ጤና ጣቢያዎች እየወረደ በነርሶችና በጤና መኮንኖች እጅ ይሰጥ ጀመር። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታልና ቡሬ ጤና ጣቢያም መድኀኒቱን ከሚሰጡት ሆኑ።

በእነዚያ ዓመታት ለብዙ ሰው የደረሰው ስታቩዲን ያለበት ክኒን ነበር። ሙት ይነሣ ነበር ብንል የሚክደን የለም፤ በቃሬዛ መጥቶ በእግሩ የሄደ ሰው በየቀበሌው አለ። ነገር ግን ከጥቂት ወራት ወይም ዓመታት በኋላ እግሬን እሳት ፈጀኝ፣ ደነዘዘኝ የሚል በዛ። የአንዳንዱም ጉንጭ ሙሽሽ አለ፤ የክንዱና የእግሩ ሥብ ጠፋ። በአገሩ ልማድ መክሳት የበሽታ ምልክት ነውና፣ የተሻለው ሰው ከቀድሞው ይልቅ በፊቱ ታወቀ። ገበያ መውጣት ያፈረ፣ ክኒኑንም በድብቅ የጣለ ነበረ። የአዛውንቱ ጎረቤት «መርዝ ነው» ያለው ከዚህ የተነሣ ይሆን? አልጠየቅናቸውም፤ ዘመኑ ግን ያው ነው።

የጉዳቱም ምክንያት እዚያው ወፍጮ ቤት ነው። በሕዋስ ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ የኀይል ምድጃዎች አሉ፤ እነርሱም የራሳቸው ትንሽ መጽሐፍና የራሳቸው ጸሐፊ አላቸው። ይህ ጸሐፊ ከዋናው ይልቅ በሐሰተኛ ፊደል ይታለላል። ሦስት ፎስፌት የተቀጠለበት ስታቩዲን የምድጃዎቹን መጽሐፍ ሲያቋርጠው ምድጃዎቹ ይደክማሉ፤ ረጅሞቹ የእግር ነርቮችና የሥብ ሕዋሳት ቀድመው ይጎዳሉ። እንግዲህ ያ ሰው ስለ ጉዳቱ የተናገረው ቅዠት አልነበረም። ስሕተቱ የደከመ ሰውነት መድኀኒቱን አይችለውም ማለቱ ነው፤ ቫይረሱን የሚገታውም እግሩን የሚያቃጥለውም የገዛ ሕዋሱ ያዘጋጀው ፊደል ነበርና። ይህን ያስረዳው ሰው ቢኖር ኖሮ ክኒኑን ይጥል ነበር ወይስ ሌላ ክኒን ይለወጥልኝ ብሎ ይመጣ ነበር? የዓለም የጤና ድርጅት ስታቩዲን እንዲቀር የመከረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

ሌላም የነበረ ክርክር አለ። ጎጃም የጠበል አገር ናት፤ ጠበል የገባ ሰው መድኀኒት አይነካም የሚል ትምህርት ብዙዎችን ክኒን አስጥሏል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኀኒቱንም አብሮ መውሰድ ተቃርኖ እንደሌለው በይፋ ተናገሩ። ይህ ቃል በየገጠሩ ስንት ሰው እንዳተረፈ የሚቆጥር የለም።

ክኒን አስጥሎ መቀመጥ አንድ ሌላ አደጋ ነበረው። ኔቪራፒን ፎስፌት አያስፈልገውም፤ እንዳለ ሄዶ ከቫይረሱ ጸሐፊ ጋር ይጣበቃል፤ ከደምም የሚወጣው በብዙ ቀን ነው። ሦስቱንም ባንድ ቀን ያቆመ ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ ኑክሊዮሳይዶቹ ከሕዋሱ ሲያልቁበት ኔቪራፒን ብቻውን ይቀራል። ብቻውን የቀረን መድኀኒት ደግሞ ቫይረሱ በቶሎ ይለምደዋል። ለነርሷ «ሰዓቷን አያሳልፉባት» ማለት ምክንያቷ ይህን የመሰለ ነው።

ከስታቩዲን በኋላ በስፋት የመጣው ቴኖፎቪር ነው። ይህን ያወጣው በፕራግ አንቶኒን ሆሊ ሲሆን ከቤልጅጉ ኤሪክ ደ ክለርክ ጋር እየተጻጻፈ ይሠራ ነበር። የሆሊ ብልኀት የሕዋሱን የመጀመሪያ ሥራ በቤተ ሙከራ ሠርቶ መላኩ ነው። ፎስፌት በሚመስል ነገር ግን በካርቦን በተጣበቀ ቁራጭ ቀጥሎታልና የሰውነት ኤንዛይም ሊቆርጠው አይችልም። ስለዚህ ቴኖፎቪር ታይሚዲን ኪናዝንም ሌላውንም የመጀመሪያ በረኛ አይጠብቅም፤ ሁለት ፎስፌት ብቻ ሲጨመርለት ይበቃዋል። በበሩ እንዲያልፍም ሙላቱን የሚሸፍን ልብስ አለበሱት፤ ልብሱን ሰውነት በኋላ ይገፈዋል። ክኒኑ እ.ኤ.አ. በ2001 ተፈቀደ። የምድጃዎቹን ጸሐፊ እምብዛም አያታልልም፤ ኩላሊትን ግን መጠበቅ ያስፈልጋል። በሕዋስ ውስጥ ግማሹ እስኪጠፋ ከሦስት ቀን በላይ ይፈጃል። በቀን አንድ ጊዜ መዋጥ የበቃው ስለዚህ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን ከላሚቩዲንና ከዶሉተግራቪር ጋር በአንዲት ክኒን ተጠቃልሎ ይሰጣል።

በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በሽታቸው የተረጋጋላቸው ሰዎች የስድስት ወር መድኀኒት ባንድ ጊዜ እንዲወስዱ ተደረገ። መጀመሪያ የታሰበው የጤና ጣቢያን ወረፋ ለማቃለልና የገበሬን ድካም ለመቀነስ ነበር፤ ከጃቢ ጠህናን ቆላ ወጥቶ በየወሩ ፍኖተ ሰላም መመላለስ የእርሻ ቀን ያስፈታል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ግን ያ ስድስት ወር ሌላ ዋጋ አገኘ። ዕቃው ሙሉ የነበረ ሰው መንገዱ እስኪከፈት ቆየ፤ ቀጠሮው በመዝጊያው ቀን የደረሰ ግን ክኒኑን ቆጥሮ ማደር ሆነበት። በእነዚያ ቀኖች ሕዋሱ ያስቀረለት የቴኖፎቪር ቅሪት ጥቂት ጊዜ ሰጥቶት ይሆናል፤ ቅሪቱ ግን በየቀኑ የሚያንስ ነው፤ በጎተራ እንዳለ የክረምት እህል ይሰፈርበታል እንጂ አይጨመርበትም።

ወደ ጤና ጣቢያው ደጅ ስንመለስ፣ ነርሷ ከውስጥ እንደ ተጠራች አዛውንቱን ቀርበን የቻልነውን ያህል ነገርናቸው፤ ጤፉን፣ ወፍጮውን፣ ሦስቱን ሥራ፣ በመጨረሻም ሐሰተኛውን ፊደል። ክህነት ቀመስ ኖረዋልና ፊደሉን ከጤፉ ይልቅ ቶሎ ያዙት፤ «ጸሐፊው ሲሳሳት ብራናው ይበላሻል» አሉ። ከዚያም ጥቂት አሰቡና፤ «እንግዲህ ይህችን ክኒን እኔ ነኝ የምጋግራት ማለት ነው?» ብለው ጠየቁን። አዎን አልናቸው። የክኒኑን ዕቃ በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ ማንኩሳ የሚሄድ መኪና ለመጠበቅ ወደ አስፋልቱ ወጡ።